አባቴ ግራ እጁን አንቱ ሲል

አባቴ ግማሽ ሰውነቱን ያጣው ጉም በበዛበት አንድ የጥቅምት ጠዋት ነው። ጉሙ ከአዌቱ ወንዝ ተነስቶ የጅማ ሰፈራችንን ቦሳ ኪቶን ሲሸፍን የራሳችን አጥር እንኳ አይታይም ነበር፤ የሚመጣው ድምፅ ብቻ ነው፤ የሚከፈት በር፣ የሰው ሳል፣ የሩቅ መኪና። እኔ ሸቤ በምትባል ከተማ መምህርት ነበርኩ፤ ለቅዳሜና እሁድ ወደ ወላጆቼ ቤት መጥቼ ነበር። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ሲወድቅ ሰማሁ። ውኃው በድንጋዩ ላይ ሲፈስ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አባቴ ለማለዳው የሱብሂ ሶላት ሊታጠብ ውዱእ እያደረገ ነበር። እናቴ ወጥታ ስታየው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ በቀኝ እጁ ግራ እጁን ይዞ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ ያየዋል።

«እጄን ሰው ወስዶታል» አላት። አፉ ወደ አንድ ወገን ስለተጣመመ ቃሉ በደንብ አይለይም ነበር።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን በአንድ ጥሪ ደረሱ። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ከከምባታ ቡና ለመልቀም መጥተው በዚያው ጅማ የቀሩ አናጢ ናቸው። አስም አለባቸው፤ ትንፋሻቸው እያፏጨ አባቴን በጀርባቸው አዝለው እስከ ዋናው መንገድ ሄዱ። እኔና እናቴ ከኋላ ተከተልን። ጉሙ ውስጥ ጀርባቸው ይታየኛል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይታየኛል። የአባቴ ግራ እግር እየተወዛወዘ ነበር፤ ጫማው መንገድ ላይ ወድቆ እናቴ አንስታ እቅፏ ውስጥ ያዘችው።

ሐኪሙ የደም ግፊት ያመጣው የአንጎል ምት ነው አለ። ጎኑ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፣ መታገሥ ነው አለን። አባቴ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። አርባውን ዓመት በልብስ ስፌት ነው ያሳለፈው፤ የከተማውን ግማሽ ኮት እሱ ነው የሰፋው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ልብስ ሰፊ ደግሞ ያለ ሁለት እጅ ምን ይሠራል? ይህን ሁላችንም አሰብነው።

ሆስፒታል በተኛበት ሳምንት ጎረቤታችን ከሥራ መልስ እየመጡ እግርጌው ይቆሙ ነበር። የወንጌል አማኝ ናቸው፤ የጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ሁለት ዓመት ስላለፈው መጸለይን ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ ለምደውታል። እኛ ግን እናውቃለን፤ ዓይናቸውን ሲጨፍኑና ያ ፉጨታቸው ሲረጋ እየጸለዩ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ቆመው ሳለ አባቴ በተጣመመው አፉ «አሚን» አለ። ከሄዱ በኋላ እናቴ የማን ጸሎት ላይ አሚን እንዳለ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ጥቂት አሰበና ተቀባዩ አንድ ነው፣ የተለያየው ፖስታ ቤቱ ነው አላት። ከታመመ ወዲህ እናቴ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቋን ግን በነጠላዋ አፍና ወዲያው ወደ ልቅሶ ቀየረችው።

በቤታችን እኔና ታናናሽ ወንድሞቼ አባታችንን «እርስዎ» ብለን አናውቅም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አባቱን እርስዎ ሲል እኛን ከትንሽነታችን ከልክሎን ነበር። እርስዎ የሚባለው ያረጀ ሰው ነው፣ እኔ ሳረጅ እነግራችኋለሁ ይለን ነበር። ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ታዲያ ግራ እጁን አንቱ ማለት ጀመረ። ቁርስ ቀርቦ እናቴ ስታቀናው የሞተውን እጁን በቀኙ አንስቶ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። «ይቀመጡ እንጂ፤ ቁርስ ደርሷል» ይለዋል። ምን እያለ እንደሆነ ስጠይቀው ይህ እጄ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል፣ ስለዚህ ክብር ይገባዋል አለኝ። እጁ በእንቅልፍ ልቡ ከአልጋው ላይ ሲንሸራተት «ወዴት ሊሄዱ ነው?» ይለዋል። ሻይ ሲፈስበት ይቅርታ ይጠይቀዋል። መጀመሪያ አካባቢ ይህ ቀልድ ያስፈራኝ ነበር፤ አእምሮውም ከእጁ ጋር የሄደ ይመስለኝ ነበር። ቆይቼ ስሰማው ግን ከበሽታው ጋር በአንድ ቤት ለመኖር እየተዋወቀው እንደሆነ ገባኝ።

የሸሚዙን ቁልፍ ሌላ ሰው ሲቆልፍለት ግን ይከብደው ነበር። የሰው ወገብ ሲለካ የኖረ ሰው ራሱ እንደ ሕፃን ሲለብስ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ያነሳል። ይህን ያየችው እናቴ አንድ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናውን ክዳን አነሳችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠችበት። እሱ ከአጠገቧ ሆኖ መራት፤ የሸሚዞቹን ግራ እጅጌ አስፍተው፣ ቁልፎቹን ነቅለው በአንድ እጅ የሚታሰር ጥብጣብ አደረጉባቸው። ስፌቷ ግን እባብ ነበር፤ ወዲህ ይሄዳል፣ ወዲያ ይሄዳል። ተናዳ ልትፈታው ስትል ከለከላት። ተዪው፣ ከአፌ ጋር ይስማማል አላት። ያን ሸሚዝ ለብሶ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ማን ሰፋልህ ይለዋል፤ እሱም በኩራት እናቴን ያሳያል። ጎረቤታችን ደግሞ ከዋንዛ እንጨት ወንበር ሠሩለት፤ ቀኝ መደገፊያው ሰፊ፣ ከጎንና ከጎን መሸከሚያ እጀታ ያለው። ሁለት ሰው ይዞት ሲነሳ አባቴ እንደ ሙሽራ በከፍታ ይሄዳል።

በዚያ የአብዮት ዘመን የቀበሌ ስብሰባ ላይ መቅረት ቀላል ነገር አልነበረም። አባቴ ግን ታማሚ ስለሆነ ማንም አልጠራውም። ችግሩ እሱ ራሱ መሄድ መፈለጉ ነበር። አራት ወር ከቤት አልወጣሁም፣ ሰው ናፈቀኝ አለ። እናቴ ብትለምነው እምቢ አለ። አንድ እሁድ ጠዋት እኔና ጎረቤታችን በወንበሩ ተሸክመን ወሰድነውና አዳራሹ ውስጥ ከኋላ በኩል አስቀመጥነው። ሰው እየዞረ ሰላም ይለዋል፤ እሱ ፊቱ በርቷል። ከበላይ የመጣ አንድ ወጣት ካድሬ ረጅም ንግግር አደረገ። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ መጣል ጀመረ፤ ንግግሩና ዝናቡ ተደበላልቀው ብዙ ሰው እንደ ማንጎላጀት አለ፤ እኔም ዓይኔ ከበደኝ። በመጨረሻ ሁላችንም ተነስተን መፈክር ማሰማት ነበረብን። እንደተለመደው ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ። አዳራሹ ሙሉ ግራ እጅ ሆነ። አባቴ ተቀምጦ፣ ከኋላ፣ ቀኝ እጁን አወጣ።

ካድሬው አየው። መፈክሩን አቋርጦ ጓድ፣ ግራ እጅ ነው አለ። አባቴ ቀኙን ሳያወርድ ፈገግ አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ከዚህ ባነሰ ነገር ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው በሰፈራችን ነበር።

«ጓድ፣ ግራው ጡረታ ወጥቷል» አለ አባቴ። «ቀኙ የመጣው በውክልና ነው።»

መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ ማንም አላወቀም። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ካድሬው ከመድረኩ ወርዶ በሰዎቹ መካከል እየተራመደ መጣ። አባቴ ፊት ቆሞ ግራ እጁን በጣቶቹ ያዘና ወደ ላይ አነሳው፤ ለቀቀው። እጁ ወድቆ የወንበሩን ጠርዝ መታ። ካድሬው ድጋሚ ለማንሳት ጀምሮ ተወው። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲለወጥ አየሁ፤ ድንገት በጣም ልጅ መሰለኝ። ጎንበስ ብሎ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በዝቅታ ጠየቀው። አባቴ ነገረው። ያመዎታል ወይ ሲለው፣ እሱን አያመውም፣ የሚያመኝ እኔን ነው አለው። ካድሬው ሳቀ። ያኔ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ ጎረቤታችን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

በሳምንቱ ከቀበሌው አንድ ወረቀት መጣ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠረች ዓመቷ ነበር፤ ወረቀቱን እኔ ላንብበው ብዬ እጄን ብዘረጋ አልሰጥም አለች። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል፣ አባቴ በሕመም ምክንያት በማናቸውም ስብሰባ ላይ ቀኝ እጁን እንዲያወጣ የተፈቀደለት መሆኑን አነበበችለት። ከሥሩ ሐምራዊ ማኅተም አለበት። ግማሽ ሰዓት የፈጀ ንባብ ነበር። ሲያልቅ አባቴ ድጋሚ አንብቢልኝ አላት። ወረቀቱ ያን ያህል ስላስደሰተው አይመስለኝም፤ እሷ ስታነብ መስማት ፈልጎ ነው። እሷም ከመጀመሪያው ጀመረች።

በበጋው ማለቂያ ላይ እንቅልፍ እያበዛ መጣ። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ሆኖ ዓይኑ ሳይከደን የሚሄድ ይመስላል። የት ነበርክ ስንለው ግራ ጎኔ ተኝቷል፣ አልፎ አልፎ ሕልሙን ይነግረኛል ይላል። ሕልሙ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሁሉም ነገር ነጭ የሆነበት ጫካ፣ በመካከሉ እናቱ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች። አባቴ የተወለደው ከሸቤ አለፍ ብሎ ባለ የቡና አገር ነው። ያየው የቡና አበባ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቡና የመጀመሪያው ዝናብ ከነካው በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያብባል፤ አበባው የሚቆየው ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ነው። ከዚያ ይጠወልጋል።

በመጋቢት አንድ ሐሙስ ሸቤ ላይ ዝናብ ጣለ። ቅዳሜ ወደ ጅማ ስሄድ አበባው ሊፈነዳ እንደደረሰ በመንገዱ ግራና ቀኝ አየሁ። ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስጄ፣ ባዶውን ወደ ሸቤ የሚመለስ የጭነት መኪና ለምኜ፣ አባቴን ጋቢና ውስጥ አስገባነው። ጎረቤታችንም ሥራቸውን ትተው መጡ፤ ወንበሩን ይዘው ከላይ ተጫኑ።

የዚያን ቀን ብዙውን ነገር በደንብ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ሽታውን ነው። ገና ጫካው ሳይታይ መኪናው ውስጥ ገባ። የአባቴ የወንድም ልጆች እርሻ ጋ ስንደርስ ወንበሩን ተሸክመን ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር አስቀመጥነው። ቅርንጫፉ ሁሉ፣ ከግንዱ እስከ ጫፉ፣ ነጭ ነበር። ንቦቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ጫካው ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ብርሃኑ በቅጠሉ መካከል እየተንጠባጠበ አባቴ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ከብርሃኑ ጋር አበባም ይወድቃል። ጎረቤታችን ጥቂት ራቅ ብለው ሳሩ ላይ ጋደም አሉ፤ የሚሰማቸው ሰው በሌለበት በዚያ ቦታ፣ በቋንቋቸው፣ መዝሙር ሲያዜሙ ሰማኋቸው። በአሥር ዓመት ጉርብትና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲዘምሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ፉጨቱ እንኳ ከትንፋሻቸው ጠፍቶ ነበር።

አባቴ እግሩ ሥር እንድቀመጥ ጠራኝ። እንዲህ የሚቀልደው በእውነት ደስ ብሎት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ሴት ልጄ ማለቱ ነው፣ የልቡን ሲናገር በኦሮምኛ ነው የሚጀምረው። «እኔ እኮ ፈርቻለሁ። ጠዋት ስነቃ በመጀመሪያ ቀኝ እጄን አንቀሳቅሳለሁ፤ እሱም ሄዶ እንደሆነ ለማየት። ካለ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ከዚያ እናትሽን የሚያስቅ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። እሷ ከሳቀች ቀኑ ይሄዳል።»

«ባትስቅስ?»

«ባትስቅ እኔ ፈርቼ እውላለሁ፣ እሷም ፈርታ ትውላለች። ማን ቁርስ ይሠራል?»

ፈገግ ብሎ ነበር፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። በሞተው እጁ ላይ አበባ ወድቆ ሳያነሳው ቆየ። እኔ ላነሳው ስል ተዪው አለኝ፤ አይሰማውም ግን ያምርበታል።

ስንመለስ ኬላው ላይ አስቆሙን። ቡና ያለ ፈቃድ ማውጣት ክልክል ስለነበር ጠባቂው መኪናውን ከፈተሸ በኋላ ወደ ጋቢናው መጣ። የአባቴን ሰፊ ግራ እጅጌ ሲያይ ተጠራጠረ። እጅጌውን ይዞ ከላይ እስከ ታች ጨመቀ፤ ከውስጡ የጠወለጉ ነጭ አበቦች ወደቁ። ምን ይዘው ነው ብሎ ጠየቀ። አባቴ እጁ ባዶ እንደሆነ ነገረው፤ እኔም ስድስት ወር ፈልጌ ከውስጡ ምንም አላገኘሁም፣ አንተ ካገኘህ ንገረኝ አለው። ጠባቂው እጁን ነክቶ ቅዝቃዜው ሲሰማው ደነገጠ። ይቅርታ አባባ፣ ይለፉ አለ። መኪናው ሲነሳ አባቴ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ አባባ አለኝ እኮ፣ አየሽ፣ በቃ አርጅቻለሁ አለ። የተከፋ መስሎኝ ነበር። ግን እስከ ጅማ ድረስ፣ መኪናው በየጉድጓዱ ሲነሳና ሲወድቅ፣ ብቻውን እየሳቀ ሄደ። ቤት ስንደርስ እኔንና ወንድሞቼን ሰብስቦ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ልትሉኝ ትችላላችሁ ብሎ ፈቀደልን። ሞክረነው ነበር። አፋችን እምቢ አለን።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረ። ቀላል ዓመታት ነበሩ ብል መዋሸት ይሆናል። እግሩ እያበጠ ጫማ እምቢ አለው፤ ዓይኑ እየደከመ ከመርፌ ቀዳዳ ጀምሮ ትንንሽ ነገሮች አንድ በአንድ ተሰናበቱት፤ አልጋ ላይ የሚያመልጠው ጊዜ መጣ። በመጀመሪያው ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ግማሽ ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረም። እናቴ አንሶላውን አጥባ አሰጣችና መጥታ ከአጠገቡ ጋደም አለች። ሲመሽ እሱ ነው የተናገረው፤ ክረምቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ አለ። ሁለተኛው ምት ሲመታው ምላሱን ይበልጥ አሰረው። ቃላቱ አጠሩ። ቀልዱም አጠረ እንጂ አልጠፋም፤ አንዳንዴ በአንድ ቅንድብ ብቻ ይቀልዳል። ጎረቤታችን በየማታው አጥሩን አልፈው መጥተው ይቀመጡ ነበር፤ አንዱ መናገር፣ አንዱ መተንፈስ ያቅታቸዋል፤ ግን ሲለያዩ ብዙ የተጫወቱ ሰዎች ይመስላሉ።

የሞተው በሐምሌ ነው። መልእክቱ ሸቤ የደረሰኝ ከቀትር በኋላ ነበር። መንገዱ ጭቃ ሆኖ የተሳፈርኩበት መኪና ተያዘ፤ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ፤ ሌላ መኪና አገኘሁ፤ እሱም ተያዘ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጉሙ ወረደ። በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ስራመድ ወደ አባቴ እየሄድኩ ይሁን ከእሱ እየራቅኩ አላውቅም ነበር። ቦሳ ኪቶ ስደርስ ሶላቱ ተሰግዶ፣ ቀብሩ አልቆ፣ ሰው ከመቃብር ተመልሶ ነበር። ጎረቤታችን በር ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ሲያዩኝ ተነሱ፤ የጭቃ ጫማዬን ከእግሬ አወለቁልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ለቀስተኛው ከመምጣቱ በፊት እኔና እናቴ ብቻችንን ተቀመጥን። ሻይ አፈላች። ስኳር መጨመሯን ረስታ ሁለቴ ጨመረች። እንዴት እንደነበር ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ፤ እሷ ራሷ ጀመረች።

ከዝናቡ በፊት ደጃፍ ላይ ነበሩ። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እሷ በርጩማ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች። ስለ እህቷ ልጅ ሠርግ እያወራችለት ነበር፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ የማን ቀሚስ እንዴት እንደተሰፋ። ወሬው ረዘመ። እሱ ዓይኑን ሲከድን አይታ እየሰማኸኝ ነው ወይ አለችው።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

እናቴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች።

«እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥዪ አለኝ» አለች። «እኔም ቀጠልኩ። ሠርጉን ጨረስኩለት። ስለ መልሱ ነገርኩት። ጎመኑም አለቀ። ዝናቡ ሲጀምር ነው ቀና ብዬ ያየሁት።»